ማሩ ይሁን ኮብልስቶኑ

ቦንጋ ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ የምፈራው ወር ጥር ነበር። ግራዋ ሲያብብ ዓይኔ ይቀላል፣ ማስነጠስ ይጀምረኛል፤ ጠመኔ ይዤ ስቆም ተማሪዎቹ «ይማርዎት» ሲሉኝ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ክሊኒክ «አለርጂክ ነው» ብለው የሰጡኝ ኪኒን ደግሞ በቁሜ ያስተኛኛል። በመጨረሻ ባሌን «በቃኝ! ዝውውር እጠይቃለሁ፣ ወደ እኔ አገር እንሂድ» አልኩት። ባሌ የቦንጋ ልጅ ነው። ወሬው አባቱ ጆሮ ደረሰ።

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫካ ውስጥ ረጃጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ዛፍ የሚወጣላቸው ጎረቤታቸው ነበር። ያን ዓመት ጠቆር ብሎ መረር የሚል ማር በቅል ይዘውልኝ መጡ።

«የግራዋ ማር ነው። የሚያስነጥስሽ እሱ አይደል? እሱኑ ብዪ። ጠዋት ጠዋት፣ በባዶ ሆድ።»

የሚያሳምመኝን ነገር መልሼ መብላት! ግራ ገባኝ፤ ግን እሳቸውን እምቢ ማለት ከየት ይመጣል? በላሁ።

ጥር ሲመለስ ማስነጠሴ ቀነሰ። የቀነሰ መሰለኝ ልበል። በዚያው መሃል በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎ፣ ባጃጆቹ የሚያስነሱት አቧራ ጠፍቷል። ማሩ ይሁን ኮብልስቶኑ በምን ልወቀው? አንድ ቀን ተሽሎኛል እላለሁ፣ በማግስቱ ዓይኔ በርበሬ ይመስላል።

በዚህ ግራ ተጋብቼ ሳለሁ ነው ባሌ የነገረኝ፦ ያንን ማር የቆረጡት አማቴ ራሳቸው ናቸው። ጎረቤቴ ከሌላ አበባ ማር ጋር ይቀላቅልብኛል ብለው፣ በዚያ ጉልበታቸው ገመድ ይዘው ወጥተዋል። ክው አልኩ። «ተሻለኝ» ብላቸው ለከርሞም ይወጣሉ። «አልተሻለኝም» ብላቸው ሌላ፣ ምናልባትም የባሰ ረጅም ዛፍ ይፈልጋሉ። ምን እንደምላቸው ስለጠፋኝ፣ በመጡ ቁጥር አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ወደ ጓሮ መሮጥ ጀመርኩ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሳቸው ቤት ተቀምጠን ሳለ ማስነጠሱ አመለጠኝ። ፊት ለፊታቸው አከታትዬ አነጠስኩ። አማቴ ብድግ ብለው ከግድግዳው ላይ ገመዳቸውን አወረዱ።

«ያኛው ማር ንጹሕ አልነበረም። ጫካው ውስጥ ገባ ብሎ ሌላ ቀፎ አለኝ።»

ፈራሁ፤ ፍርሃቴም ቁጣ ሆኖ ወጣ። «አባባ፣ ይተዉት! ባነጥስም ባላነጥስም ከዚህ አልሄድም!»

መቼ እንደወሰንኩ እኔም አላውቅም። ባሌ ዞሮ አየኝ።

አማቴ ገመዱን እንደያዙ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን እያሹ፣ ቆጣ ብለው፣

«ታዲያ ይህን ዛፉ ላይ ሳልወጣ አትነግሪኝም ነበር?» አሉኝ።