የረጠበ በርበሬና የከዋክብት ነገር

ባለቤቴ ያረፈችው እዚህ ቡሬ ከተማ፣ በርበሬ ላይ ውሃ በረጨሁበት ቀን ነው። ደረቅ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ እንዳይሰባበር ትንሽ ውሃ ይረጭበትና ይከመራል። ታዲያ በዕለቱ መታሸግ አለበት፤ ካደረ መሃሉ ይግላል፣ ይጠቁራል። እኔ ገና ከምሬ ሳልጨርስ ከሆስፒታል ተጠራሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀብርና የለቅሶ ድንኳን ነው።

በርበሬውን አንድ በአንድ የመረጠችው እሷ ነበረች። ክምሩ ከድንኳኑ ጀርባ፣ መጋዘን ውስጥ እየጋለ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የሌላ ሰው በርበሬ መሰለኝ። ንፍሮ ሲሰጡኝ እቀበላለሁ፤ ተነሥ ሲሉኝ እነሣለሁ።

በቀብሩ ማግስት ከሰዓት፣ እኔ ግቢ ተከራይቶ የሚኖረው የፊዚክስ መምህር አጠገቤ ተቀመጠ። ሐዘንተኛን ማጫወት ወግ ነው። ሌላው ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ያወራል፤ እሱ የሚያውቀው ከዋክብትን ነው። ሰማይ ላይ ሰፊ፣ ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና አለ አለኝ። አንዱ ቦታ ጠቅጠቅ ካለ ዙሪያውን ወደ ራሱ ይስባል፤ በተሰበሰበ ቁጥር ይጨመቃል፣ በተጨመቀ ቁጥር መሃሉ ይግላል፣ በመጨረሻ ኮከብ ሆኖ ይበራል። ከዋክብቱም ተሰባስበው ጋላክሲ ይሆናሉ፤ ትልቁ ጋላክሲ ትንሹን እየዋጠ ያድጋል። ይቺኛዋ አልከበደችኝም፤ የፍኖተ ሰላም ገበያም እንዲሁ የዙሪያውን ትንንሽ ገበያ እየዋጠ ነው ያደገው።

«ማነው የሚከምረው?» አልኩት። ከቀብሩ ወዲህ ሳልጠየቅ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ማንም አይከምረውም፣ ጋሼ። የራሱ ክብደት ነው።»

«እስኪበራ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ብዙ ሚሊዮን ዓመት።»

«የኔው እንኳ እስከዚያ አይቆይም» ብዬ ተነሣሁ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ወደ መቃብሯ የምሮጥ መስሎት ወገቤን ያዘኝ። በርበሬው ነው ብለውም አላመነኝም። እንደተያያዝን መጋዘን ገባን፤ እጄን ክምሩ ውስጥ እስከ ክርኔ ሰደድኩት። እሱም እጁን ሰደደና ቶሎ መልሶ አወጣው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እኮ ሊነድ ነው» አለና ጋቢውን ጣለ።

ለቀስተኛው ሁሉ እየተጠራራ መጣ። ሸራ አንጥፈው ክምሩን ሲበትኑት መንደሩ በማስነጠስ ተናጋ። ያኔ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ እንግዳ ምን እንዳሰበ እንጃ።

መሃሉ ጠቁሯል፤ ዳር ዳሩ ተርፏል። ድንኳኑ ውስጥ ሊያስቀምጡኝ ቢጠሩኝ አልሄድኩም። ሸራው ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ እሷ አንዴ የመረጠችውን እንደገና መምረጥ ጀመርኩ። መምህሩም መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ቀዩንና ጥቁሩን አልፎ አልፎ ያምታታል፤ እያነሣሁ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።