የአጣቢዋ ስንቅ

ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ውስጥ ሴት ስትሞት ለዘመድ ከመነገሩ በፊት ወደ አዴ ሃዎ ይላክ ነበር። አዴ ሃዎ ጀናዛ አጣቢ ነበረች። የሰፈራችንን ሴቶች የመጨረሻ ገላ የሚያጥቡት የእሷ እጆች ናቸው። ቤቷ ከእኛ ግቢ የሚለየው በአንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ስለነበር፣ ባልዲዋ ሲንኳኳ በሰማን ቁጥር እናቴ የያዘችውን ነገር ታስቀምጥና "ዛሬስ ማን ትሆን?" ትላለች።

ለአጣቢ ደመወዝ የለም። በልማድ ሟቿ ለብሳው የሞተችው ልብስ የአጣቢዋ ነው። አዴ ሃዎ ይህን ልማድ እንደ ሕግ ትጠብቀው ነበር። "ትንፋሿ ሳይወጣ እጅሽ ላይ ያስቀመጠችው አማና፣ አደራ ነው፤ ብትሞቺም ታደርሺዋለሽ። ትንፋሿ ከወጣ በኋላ ገላዋ ላይ የቀረው ግን ያንቺ ነው" ትላለች። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የፀጉር ያህል ቀጭን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተሻገረችው።

ልብሶቹን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ቀፊራ ገበያ ላለው ለሰልባጅ ነጋዴው ለተማም ትሸጣቸዋለች። ተማምም ከተማ ውስጥ አይሸጣቸውም። ሰው የሞተች እህቱን ቀሚስ መንገድ ላይ ሲሄድ እንዳያይ ብሎ ከመልካ ጀብዱና ከሁርሶ ለሚመጡ ገበያተኞች ነው የሚሰጠው።

"አቦ አንቺ ሴትዮ!" ይላታል ጥቅሉን ታቅፋ ሲያያት። "ስትመጪ ልቤ ይወድቃል። ቁመቴን የምትለኪኝ ይመስለኛል።"

"አንተን የሚያጥቡህ ወንዶች ናቸው። ይልቅ ለእነሱ እዘንላቸው፤ ውሃ በተወደደበት ጊዜ ይሄን ሆድ ማጠብ!"

ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። ቀፊራ ላይ ሳይከራከር የሚገዛም የሚሸጥም የለም፤ እነሱ ግን ለአንዲት ሻሽ ሁለት ሰላት ያመልጣቸው ነበር ይባላል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ነገር ነው። አዴ ሃዎ ሐጅ ልትሄድ ነበር። እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲ ጅዳ በመርከብ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመችው ለዚህ ነው። ሆጃዋን፣ በወተት የተፈላውን የቡና ገለባ፣ ያለ ስኳር ትጠጣለች። መቃብር ድረስ በእግሯ ትሄዳለች እንጂ ጋሪ አትሳፈርም። ቀፊራ የምትወጣው ገበያው ሊበተን ሲል ነው፤ ነጋዴው የጠወለገውን ቲማቲም ይዞ ከመመለስ የሚሰጥበት ሰዓት ስለሆነ። ከሐጅ የተመለሰ ሰው ሲገኝ ስለ ካዕባ ሳይሆን ስለ ዋጋ ትጠይቀዋለች፤ ሦስተኛ ማዕረግ ስንት ነው፣ የቱ ይወደዳል፣ የቱን ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል። ጅቡቲ ውሃ እንኳ በገንዘብ ነው ቢሏት ሁለት ጀሪካን ገዛች። ምግብ ላለመግዛት ቋንጣና በሶ አዘጋጀች። ከፈኗን፣ የመገነዣ ጨርቋን ሳይቀር እዚሁ ገዛች፣ የኮንትሮባንድ ጨርቅ ርካሽ ነው ብላ።

ጎረቤታችን ኢስታር ትተርባት ነበር። "አዴ ሃዎ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር ብትጨምሪበት መካ ይርቃል?"

"በአንድ ማንኪያ አንድ ፉርጎ ይርቃል።"

በ1948 ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ኻድራ ታመመች። ለገሃር በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ብቸኛ ሴት ነበረች። አንድ ልጇ ዓናብ ጅቡቲ አግብታ ትኖራለች። ኻድራ ከትራሷ ስር ጋርባሳሯን፣ የትከሻ ልብሷን አወጣች። ከአደን የመጣ አረንጓዴ ሐር ነው። አንዱ ጥግ በፍም ተቃጥሎ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

"ጅቡቲ ስትደርሺ ለዓናብ ስጪልኝ" አለቻት። "እሷ ስትወለድ የተጠቀለለችበት ነው። አማና፣ ሃዎ።"

"አማና" አለች አዴ ሃዎ።

ኻድራ በሦስተኛው ቀን ሞተች። አዴ ሃዎ አጠበቻት።

ጉዞው ሊደርስ ሲል የመርከቡ ዋጋ ጨመረ ተባለ። አዴ ሃዎ ፋኖሷን ሸጠች፤ አልሞላም። ምንጣፏን ሸጠች፤ አሁንም ትንሽ ጎደለ። ቤቷ ውስጥ የቀረው የሟቾች ልብስ ጥቅል ነበር። ጋርባሳሩም እዚያው ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ምን ብላ ራሷን እንዳሳመነች ኋላ ለእናቴ ነግራታለች። "የሞተች ሴት ልብስ ነው፤ ከሌሎቹ በምን ይለያል? ለዓናብ ስመለስ ከጅዳ የተሻለ እገዛላታለሁ አልኩ።" ከጥቅሉ ጋር ለተማም ሸጠችው። በዚያ ቀን ብዙ አልተከራከረችም።

በማግስቱ በቀትር ነው። ድሬዳዋ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትሞታለች፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ውሻው ቱቦ ስር ይገባል፣ መንገድ ላይ ከራስ ጥላ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። አዴ ሃዎ በቀጭኑ መንገድ ወደ ቤቷ ስትመለስ ከፊቷ አንዲት ሴት ትሄዳለች። ትከሻዋ ላይ አረንጓዴው ጋርባሳር አለ። ጥጉ ላይ ቀዩ ክር ይታያል።

"አንቺ!" ብላ ተጣራች። ሴትዮዋ አልዞረችም። አዴ ሃዎ ፈጠነች፤ ርቀቱ ግን ያው ነው። ሴትዮዋ ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። አዴ ሃዎን ይበልጥ ያስፈራት ይሄ ነበር፤ ኻድራ አታነክስም። የሞተችው ካልሆነች ታዲያ ማን ናት? ሴትዮዋ ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወረደች። አዴ ሃዎ ዳር ደርሳ ቁልቁል ስትመለከት ወዲያም ወዲህም ባዶ አሸዋ ነው። ዱካ ግን አለ። አንዱ እግር ይረግጣል፣ አንዱ ያሰምራል። መሃል ላይ ሲደርስ ያልቃል።

ቀፊራ ሮጠች። ተማም ሱቁ ደጃፍ ላይ ተጋድሞ አገኘችው።

"ያን አረንጓዴውን መልስልኝ። እጥፉን እከፍልሃለሁ።"

"ሄዷል። ጠዋት አንዲት ሴት ወሰደችው" አለና ተነስቶ ተቀመጠ። "ወላሂ አዴ፣ አልወደድኳትም። ዋጋ ጠራሁ፤ ከፈለች።"

"ዝም ብላ?"

"ዝም ብላ! ቀፊራ ከቆምኩ አሥራ አምስት ዓመቴ፣ የጠራሁትን የከፈለኝ ሰው አላየሁም። ገንዘቡን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ፊቷን ለአቧራው ሸፍናለች። አውራ ጣቷ በነጭ ጨርቅ ተጠምጥሟል፤ ያየሁት ይህን ብቻ ነው። እዚሁ ለበሰችውና እግሯን እየጎተተች ሄደች።"

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ "አፉ በሉኝ" ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። ሳይጠይቅ ከሄደ ሐጁ ተቀባይነት የለውም ይባላል። አዴ ሃዎ ቤት ለቤት ዞረች። ኢስታርም፣ እናቴም፣ ተማምም "አፉ ብለናል" አሏት። በመጨረሻ ኻድራ መቃብር ላይ ተቀምጣ "አፉ በይኝ" አለች። እስኪመሽ ጠበቀች። ከድንጋዩ ስር እንሽላሊት ወጥታ አይታት ተመለሰች።

ቢሆንም ባቡሩ ላይ ወጣች። ዓናብን አግኝቼ እውነቱን እነግራታለሁ፤ በእናቷ ፈንታ እሷ አፉ ትለኛለች ብላ ነው።

ጅቡቲ በሰኔ እንደ ምድጃ ነው። ዓናብ ከጣውላ በተሠራ ቤቷ በራፍ ላይ ተቀምጣ ሕፃን ልጇን ጡት ታጠባ ነበር። ትከሻዋ ላይ አረንጓዴው ጋርባሳር አለ፣ ከቀይ ክሩ ጋር።

የአዴ ሃዎ ጀሪካን ከእጇ ወደቀ።

"አንቺ አጣቢዋ ነሽ?" አለች ዓናብ። "እንደምትመጪ ተነግሮኛል። ይህን ያመጣችልኝ ሴት ነግራኛለች።"

"ማን ናት?"

"አላውቃትም። ፊቷን ሸፍናለች። ጣቷ ታስሯል። 'የእናትሽ አማና ነው' አለችና ሰጠችኝ።"

አዴ ሃዎ መሬት ላይ ተንበረከከች። ሁሉንም ተናዘዘች። "አፉ በይኝ፣ ልጄ። መርከቡ ከነገ ወዲያ ነው።"

ዓናብ ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረችው።

"እኔስ ባልኩሽ ነበር" አለች። "ሴትዮዋ ግን አስጠንቅቃኛለች። 'አፉ በይኝ ብላ ትለምንሻለች፤ እንዳትያት። ያ የእሷና የእኔ ጉዳይ ነው፤ ራሴ እጨርሰዋለሁ' ብላኛለች።"

አዴ ሃዎ መርከቡ ሲሄድ ወደቡ ላይ ቆማ አየችው። የከፈለችው ገንዘብ አልተመለሰላትም። ከሄደች በዘጠነኛው ቀን ገንደ ቆሬ ስትገባ "ሐጂያ" ብሎ ሊያሾፍባት የከጀለ አልነበረም፤ ፊቷ አያስደፍርም። ማነከሷ ግራ ቢያጋባትም፣ ያቺ ሴት ኻድራ ናት ብላ ነበር የምታምነው። "ራሴ እጨርሰዋለሁ" ብላለችና መልሷ እንዲደርሳት መጠበቅ ነበረባት።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ከአንድ ሳንቲም ጀመረችው። ከዚያ ወዲያ የሟች ልብስ አልወሰደችም፤ ለቤተሰብ አጥፋ ትመልሳለች። ማለዳ ልብስ እያጠበች፣ ከሰዓት እህል እየለቀመች አጠራቀመች። ማጠቡን አልተወችም፤ አንድ ነገር ግን ጨመረችበት። ሟቿን አጥባ ስትጨርስ ተንበርክካ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ሟቿ አፍ ታስጠጋለች። የኻድራ መልስ በየትኛዋ በኩል እንደሚመጣ አታውቅምና። አብረዋት የሚያጥቡት ሴቶች በመጀመሪያ ይሸሹ ነበር፤ ኋላ ለመዱት። አሥር ዓመት ሙሉ ጎንበስ አለች። አሥር ዓመት ሙሉ ምንም አልሰማችም። በመንበርከክ ብዛት ግራ ጉልበቷ ታመመና እግሯን መጎተት ጀመረች።

በ1958 የካቲት ላይ ከጅቡቲ የመጣው ባቡር አንዲት ሬሳ አወረደ። ለሕክምና ወደ ድሬዳዋ ስትመጣ መንገድ ላይ ያረፈች ሴት ናት። ዘመድ ስላልተገኘ መስጊድ ተወሰደች፤ አዴ ሃዎም ተጠራች። ጨርቁን ገለጥ ስታደርግ ዓናብ ናት። ትከሻዋ ላይ አረንጓዴው ጋርባሳር አለ።

አጠበቻት። ከፈኑን ስትቀድ መቀሱ አውራ ጣቷን ቆረጣት፤ ከዚያው ከነጩ ጨርቅ ቁራጭ ቀድዳ ጠመጠመችበት። ከዚያ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች። በዚያ ቀን ግን ቶሎ አልተነሳችም። ቤቱ ውስጥ የነበረችው ኢስታር፣ ከጣሪያው ላይ ዝንብ ስትሄድ ይሰማ ነበር ትላለች። አዴ ሃዎ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ላብ ነበር።

"ምን አለችሽ?" አለቻት ኢስታር።

"'ውሰጂው' አለች።"

ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ገላ ላይ የቀረው የአጣቢዋ ነው። አዴ ሃዎ ከአሥር ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሟች ልብስ ወሰደች። አልሸጠችውም፤ ለበሰችው። ከዚያ የዚያ ዓመት ሐጃጆች ባቡር መቼ እንደሚነሳ ጠየቀች። የመንገዱ ገንዘብ ሞልቶላት ነበር።

ልንሸኛት ለገሃር ወጣን። ተማምም አርጅቶ፣ ከዘራውን ይዞ ከእኔ ጎን ቆሟል። አዴ ሃዎ ፊቷን ለአቧራው ሸፍና፣ ጋርባሳሩን በታሰረው ጣቷ ትከሻዋ ላይ እየሳበች፣ ግራ እግሯን እየጎተተች ወደ ፉርጎው ሄደች። ተማም ክንዴን ጨመደደው።

"ይቺ ናት" አለ።

"ማን?"

"ሳትከራከር የገዛችኝ። ይቺው ናት፣ ወላሂ።"

ባቡሩ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ሐጂያ ሃዎ ተመለሰች። ትከሻዋ ላይ ነጭ ነጠላ ነበር። እናቴ የዘምዘም ውሃውን እየተቀበለች ጠየቀቻት።

"ጋርባሳሩስ?"

"ጅቡቲ ለዓናብ ሰጠኋት።"

"ሃዎ! ዓናብን በእጅሽ አልነበር የከፈንሻት?"

"በእጄ ነው" አለች፣ ድምጿን ሳትቀይር። "ባቡሩ ያወረደኝ እዚሁ ድሬዳዋ ነው፣ ኻድራ በሞተችበት ዓመት፤ ትከሻዬ ባዶ ነበርና ተማም የጠራውን ከፍዬ ጋርባሳሩን ወሰድኩት። ጅቡቲ ስደርስ በራፏ ላይ ተቀምጣ ልጇን ጡት ታጠባለች። አማናዋን ሰጠኋት። አንዲት አጣቢ መጥታ አፉ በይኝ ብትልሽ እንዳትያት አልኳት።"

እናቴ ብርጭቆውን አስቀመጠች። "ለምን እንዲያ አልሽ?"

ሐጂያ ሃዎ ጨርቁ የተፈታለትን አውራ ጣቷን አየችው። ቁስሉ ድኗል።

"ያን ጊዜ አፉ ብትለኝ ኖሮ የእናቷን ልብስ ዋጋ ስንቅ አድርጌ እሄድ ነበራ" አለች።

ከዚያ ሆጃ ጠየቀች። ስኳር እንዲጨመርበትም ነገረችን።