አልምልም ያለው አባቴ

የሰፈፍ ሽታ ሽው ባለ ቁጥር ሌላው ሰው ማር ይታየዋል፣ እኔ የምትታየኝ ፃግብጂ ሳለን ያሳለፍናት ያቺ የተረገመች ዓመት ናት።

ማር የሚቆረጠው ኅዳር ላይ ነበር። በዚያ ኅዳር የጎረቤታችን የአያ ካሳው ቀፎዎች ተገልብጠው፣ ማራቸው ተዘርፎ ተገኙ። እንዲህ ሲሆን ወንዱ ሁሉ ተራ በተራ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ «አልወሰድኩም» ብሎ ይምል ነበር፤ የማለ ይነጻል፣ ያልማለ ሌባ ነው፣ አለቀ። አባቴ የመጀመሪያ ልጁን ከቀበረ ወዲህ ያንን ቅጥር ረግጦ አያውቅም፤ ተራው ሲደርስ ከውጭ እንደቆመ፣ «እኔ አልወሰድኩም። በማላምንበት ምዬ ግን አላታልላችሁም» አለ።

አያ ካሳው «በቃ፣ ሌባዬን አገኘሁ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ወዲያ በጋው አልገፋ አለን። እማዬ ውሃ ስትወርድ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እያነሱ ይሄዱ ነበር። ልጆቹ «የማር ሌባ ልጅ» ሲሉኝ በድንጋይ አባርራቸው ነበር፤ እኔም ብሆን የዋዛ አልነበርኩም። ቤት ስገባ ደግሞ እማዬና አባዬ ይጨቃጨቃሉ።

«አንተ ሰው፣ አንዲት ቃል ናት፣ ለልጆችህ ስትል በላት! ፈጣሪን የማይፈራ ሰውን አያፍርም እያሉህ እኮ ነው።»

«እኔ አፍራለሁ» ይላት ነበር፣ ቀና ሳይል። «እሷን አንዲት ቃል ከዋሸሁ እነዚህን ልጆች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

እውነቱን ልናገርና እኔ በእማዬ በኩል ነበርኩ፤ ግትርነቱ ያንገበግበኝ ነበር።

ዓቢይ ጾም ገባ፣ መንደሩ እንደ ልማዱ ለንስሐ አባቱ ለቄስ መርሻ ተናዘዘ፣ ፋሲካም አለፈ። ሰኔ ሲደርስ ጭንቁ ባሰ። የነበረን በሬ አንድ ነው፤ ሁልጊዜ ከአያ ካሳው በሬ ጋር አቀናጅተን እናርስ ነበር፣ ያን ዓመት ግን ማን ሊሰጠን! ዝናቡ ጥሏል፣ ማሳችን ጦሙን አድሯል፣ እማዬ የዘሩን ከረጢት እያየች ታለቅስ ነበር።

አንድ ጠዋት ቄስ መርሻ ጥማዳቸውን እየነዱ፣ በአያ ካሳው ደጅ አልፈው፣ መንደሩ እያየ እኛ ማሳ ገቡ።

አባዬ ደንግጦ «አባ፣ ምነው? እርስዎንም ያገልሉዎታል እኮ» አላቸው።

«ዝናቡ አይጠብቅህም፣ ዘሩን አምጣ» አሉትና እስከ ቀትር አረሱ።

መንደሩ ገባው። ሌባው ተናዞላቸዋል፤ የኑዛዜ ምስጢር ነውና ስሙን ማውጣት አይችሉም። ማንም ይሁን ማን፣ ያንን በር ይዞ ከማሉት አንዱ ነበር። በማግስቱ አያ ካሳው በሬውን ራሱ እየነዳ መጣ፤ ይቅርታ አላለም፣ አባዬም በለኝ አላለውም።

«እግዚአብሔር ነው የላካቸው» ትል ነበር እማዬ።

«ይላካቸው፣ እኔ ግን እሳቸው ሲመጡ ነው ያየሁት» ይላት ነበር አባዬ፤ በዚህ ነገር እስካሁንም አልተስማሙም።

ዛሬ ሰቆጣ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ ምስክር ሲምል ስሰማ እውላለሁ። አብዛኛው እጁን አንስቶ ሳይተነፍስ ይወጣዋል። አልፎ አልፎ አንዱ ከመማሉ በፊት ያመነታል፣ ያን ጊዜ ሰዉ እንደ ድሮው መንደራችን በጥርጣሬ ያየዋል፤ እኔ ግን ጆሮዬን አቅንቼ የምሰማው እሱን ነው።