እህቴ ቪዲዮ አላየችም

እስቲ ይቺን ስሙኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ በሳምንቱ ቀበረችው። ትንሽ ስትጠነክር እንደ ድሮዋ ከኳየሩ ጋር ልትዘምር ቸርች ሄደች። የዛን ቀን የተጋበዘው አንድ በቲቪ የታወቀ ሰባኪ ነበር። ማይኩን ይዞ "እምነት ባለበት ቤት ሕፃን አይሞትም!" አለ። ሰው አጨበጨበ።

እህቴ የኳየር ጋውኗን ሳታወልቅ በታክሲ መጣች።

"ምነው፣ በዩኒፎርም ልትተኚ ነው እንዴ?" ብዬ ቀለድኩባት።

"ለካ እኔ ነኝ የገደልኩት" አለችኝ።

ንግግሩ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ሰው ሲሰድበው ሰውዬው ብቅ አለና "ሥራ ፈት ወጣቶች ቪዲዮውን ቆርጠው ነው ያጣመሙብኝ" አለ። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። እህቴ ይኸው እስከዛሬ አትዘምርም። ዕቃ ስታጥብ እንኳን ታንጎራጉር ነበር፤ አሁን የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው።

እሺ አንተ ሰውዬ፣ እኛ ቆርጠን ይሁን። እሷ ግን ፊትህ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነው የሰማችህ። ለሷስ ማን ቆርጦ አሰማት?