የሸሸግኳት ጥርስ

ልጄ ጥርስ ማብቀል የጀመረችው እኔ እግሬን ተሰብሬ፣ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል ቤት በተኛሁበት ሰሞን ነው። እዚያ ራክሻ የምንላትን ባጃጅ እነዳ ነበር፤ አንድ ሚኒባስ ገፍቶ ቦይ ውስጥ ከተተኝ። ሚስቴ ጀብራ የሚባል ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ የምትመጣው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው። እመቤቷ ደግሞ ሕፃን ቤቴ አይገባም ብላለች። እናትም አባትም እኔው ሆንኩ።

አቤት ያ ድድ! ለሃጯ ደረቴን ሲያርሰው ይውላል። ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ የክራንቼን እጀታ፣ የራክሻዬን ቁልፍ፣ አፍንጫዬን። ትኩሳቱ ሲነሳባት ከጎረቤት ፍሪጅ የወጣ ካሮት አስይዛታለሁ። አንዷ ጎረቤት መጥታ "ኦምዱርማን ጥርስ የሚነቅል አዋቂ አለ፣ ውሰዳት" ብትለኝ በክራንቼ አባረርኳት። እውነቴን ነው፣ ክራንች እንደያዘ ሰው ቁጡ የለም።

የጨነቀኝ ግን ጥርሱ አልነበረም። እግሬ እየዳነ ነው፤ ወደ ሥራ ስመለስ ልጅቷን የሚይዝልን የለም። ሚስቴ ቆርጣለች፤ ወሎ፣ እናቷ ዘንድ ትሂድ ብላለች። ይዛት የምትሄድ ሴትም አግኝታለች፤ ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ አሁን ጠቅልላ የምትገባ የአገሯ ልጅ። ሴትዮዋ ቁርጧን ተናገረች።

"የታመመች ልጅ ይዤ በዚያ ሙቀት እስከ ድንበሩ፣ እስከ ገላባት አልሄድም። ወላሂ፣ ብትሞትብኝስ? ጥርሷ ወጥቶ ትኩሳቱ ከተዋት እወስዳታለሁ። ካልሆነ ግን መሄጃዬ ደርሷል፣ አልጠብቅም።"

ጥርሷ የወጣችው ሴትዮዋ ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጣቴን ስትነክሰኝ አወቅኩ። ከታች በኩል፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ መሄዷ ትዝ አለኝ። ሁለት ሳምንት ዝም ካልኩ ልጄ ከኔው ጋር ትቀራለች። ሌላውን እንደ ፍጥርጥሩ አልኩና ሸሸግኳት። ጁምዓ ሚስቴ መጥታ "እስቲ አፏን ልይ" ስትል "ተይ አትንኪያት፣ ድዷ አብጧል፣ አሁን ገና ነው ዝም ያለችው" አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ተወችው።

በሚቀጥለው ጁምዓ የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ነበረ። የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ካፌው ውስጥ ቴሌቪዥኑ ሥር ተሰበሰበ። ሚስቴ አለች፤ ሴትዮዋም ሐሙስ ልትሄድ ነውና ሰው ልትሰናበት መጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች። እኔ ልጄን ታቅፌ ፊቷን ወደ ደረቴ አዙሬያታለሁ። እንደ ሌባ ነበር የተቀመጥኩት።

ሩጫ ሳይ ግን እኔ ሰው አይደለሁም። የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። የኛዋ ልጅ ሦስተኛ ናት፣ መንገድ ዘግተውባታል። "ምን ትጠብቂያለሽ! በጎን እለፊያቸው እንጂ!" ብዬ ተነሳሁ። እግሬንም ረሳሁት፣ ክራንቼም ወደቀ። የኛዋ ከኋላ ተፈትልካ ስትወጣ ልጄን በሁለት እጄ ወደ ላይ አንስቼ "ሂጂ! ሂጂ!" እያልኩ እጮኻለሁ። ልጄ ጩኸቴ ገርሟት አፏን ከፍታ ትስቃለች፣ ለቤቱ ሁሉ።

የኛዋ ቀድማ ገባች። ካፌው በእልልታ ተናጋ። መሀል ላይ የሴትዮዋ ድምፅ መጣ።

"አንቺ! ጥርሷ! ጥርሷ ወጥቷል እኮ! አልሐምዱሊላህ!"

ሌላ እልልታ ተነሳ፣ ይሄኛው ለልጄ። ሴትዮዋ ከእጄ ተቀብላት ግንባሯን ዳሰሰች።

"ትኩሳትም የላትም። በቃ፣ ያላ፣ ሐሙስ ይዣት እሄዳለሁ።"

ቴሌቪዥኑ ላይ ባንዲራው ሲሰቀል እኔ በሰው ሁሉ ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አንዱ "አቤት የአገር ፍቅር!" ብሎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፤ ሌላው ሶፍት አቀበለኝ። ሶፍቱን ተቀብዬ አፍንጫዬን ጠረግኩ።

ሐሙስ ማለዳ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሸኘናቸው። ልጄ የሴትዮዋን ትከሻ እየነከሰች ሄደች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሚስቴን ወደ ጀብራ የሚወስዳትን ሚኒባስ ቆመን ስንጠብቅ አልቻልኩም፣ ነገርኳት።

"ይቅር በይኝ። ጥርሷ ቀደም ብላ ወጥታ ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩሽ።"

"አውቃለሁ" አለችኝ መሬት መሬት እያየች። "ያን ጁምዓ አንተ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ በጣቴ ዳስሻታለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ለኔስ ልጄ አይደለችም?"

ሚኒባሱ መጣ። አንድ እግሯን አስገብታ ወደኔ ዞረች።

"ምነው ያን ቀን ባትጮህ ኖሮ" አለችኝ።