የሹራብ ጓንት

ሥራዬ ሰው መጋዝ ላይ እጁን እንዳያጣ ማሠልጠን ነው። ታዲያ እኔን የሚያስታውሱኝ ሁሌም ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ባለፈው ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት የተጠራሁትም፣ አንድ ወጣት ሠራተኛ በመጋዙ ማሽን እጁን ስላጣ ነበር።

ሠራተኞቹ ጣውላ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ከፊት ደግሞ የቤቱን ሻይ የሚያፈሉት እማማ ከድጃ በግራጫ የሹራብ ክር ጓንት ይሠራሉ። ስለ መጋዝ አደጋ ያን ሁሉ ስናገር ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም። ትንሽ ቅር አለኝ።

«የሚሽከረከር መጋዝ ላይ ጓንት አይደረግም» አልኩ።

የእማማ ከድጃ እጅ ቆመ። «ብርድ ቢሆንስ ልጄ?»

«ብርድም ቢሆን አይደረግም፣ እማማ።»

«የሹራብስ?»

ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ጠያቂ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ማብራራቴን ቀጠልኩ። «የሹራብማ የባሰ ነው። የመጋዙ ጥርስ አንዲት ክር ከያዘ እጅን ጎትቶ ያስገባል። ባዶ እጅ ቢሆን ግን የጣት ጫፍ ብቻ ታጥቶ ሊተረፍ ይችላል።»

እማማ ከድጃ የክሩን ጫፍ ፈለጉና ጓንቱን ቀስ እያሉ ይተረትሩት ጀመር።

«ይሄ ለተጎዳው ልጅ ታናሽ የምሠራው ነበር፤ ሰኞ በወንድሙ ቦታ ሊገባ ነው» አሉ ክሩን እየጠቀለሉ። «ለታላቁም የሠራሁለት እኔው ነኝ። ጠዋት ጠዋት እጁን ይበርደው ነበር።»