በነስሩ ስም

ትናንት ከዚራ ሰፈር አንድ ቢሮ ጉዳይ ላስፈጽም ገብቼ፣ የምታስተናግደኝ ልጅ ኮምፒዩተሯን እንደተከፈተ ትታ ሻይ ልትጠጣ ተነሣች። ዝጊው እንጂ ብዬ ተቆጣኋት። ማን ይነካዋል ብላ ሳቀችብኝ። የማላውቃትን ልጅ እንዲያ መቆጣቴ በኋላ አሳፈረኝ።

በወጣትነቴ ከነስሩ ጋር የአንድ መሥሪያ ቤትን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር የሚያዛውር ሲስተም እንሠራ ነበር። ነስሩ በሙያው የሚስተካከለው አልነበረም። ወሬውን በኦሮምኛ ጀምሮ በሶማልኛ ይጨርሳል፤ ዘይቱን ሲደርስ ኪሱን ሞልቶ ይመጣና ክፍሉ በመዓዛው ይታወዳል። ወዳጄ ነበር። ይሁንና ለቡድን መሪነት ሁለታችንም ታጨንና ቢሮው ለሁለት ተከፈለ። የእኔ ደጋፊዎች እሱን ያሙልኝ ጀመር፤ ሐሜቱን አልጠላሁትም።

የይለፍ ቃል ማስገባት ስለሚሰለቸን፣ የነስሩ ማሽን ጠዋት ከተከፈተ እስከ ማታ አይዘጋም። ሁላችንም እንደ ቤታችን እንገባበታለን። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ ቤቱ ሲገባ፣ ለሙከራ የሞላኋቸውን የውሸት ስሞች በእሱ ማሽን ላጠፋ ተቀመጥኩ። ያጠፋሁት ግን ጸሐፊዎቹ ወራት የለፉበትን እውነተኛ መዝገብ ነበር። መጠባበቂያ ቅጂውም የቆየ ነው። ሲስተሙ ደግሞ ማን ምን እንዳጠፋ ይመዘግባል፤ በነስሩ ስም መዘገበው።

ጉዳዩን ለማጣራት ከተጠራው ስብሰባ በፊት ነስሩ በረንዳው ላይ ጠበቀኝ።

«ማሽኔን ነክተኸው ነበር?»

«አልነካሁም» አልኩት። አመነኝ።

ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቁት ስክሪኑን ብዙ አየና፣ «አቦ፣ እንዳጠፋሁ ትዝ አይለኝም። ግን ይሄን መቆጣጠሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አይዋሽም» አለ። እኔ ላቤን እየጠረግኩ ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች የእኔን አላዩም። የመሪነቱ ቦታ ለእኔ ተሰጠ፤ የጠፋውንም መዝገብ እንደገና አስሞላሁ።

ከዚያ ወዲህ ነስሩ ጣቱን ፈራ። የራሱን ፋይል እንኳ ሊያጠፋ ሲል፣ ና እስቲ እይልኝ እያለ ይጠራኛል። ዓመት ሳይሞላው ሥራውንም ሙያውንም ተወ። ሹመቱን ብቻ ብወስድበት ኖሮ ይሻል ነበር፤ በራሱ ላይ የነበረውን እምነት ነው የወሰድኩበት።

ዛሬ መልካ ጀብዱ ውስጥ ሱቅ አለው። ባለፈው ዒድ ቤቱ ጠርቶኝ፣ ልጆቹ ከበውን ምሳ ከበላን በኋላ እጄን ያዘ።

«ያኔ የሁላችሁንም ልፋት አፈር አስበላሁት። አንተ ነህ ያቃናኸው። አውፍ በለኝ።»

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ልጆቹ ያዩኛል።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።